ዕጩው ያለውና ጋዜጣው «አለ» ያለው

በካምፓላ ከተማ፣ ናካሴሮ በተባለው ኮረብታ፣ በኪያዶንዶ መንገድ ላይ የኡጋንዳው ገዢ ፓርቲ የናሽናል ሬዚስታንስ ሙቭመንት ዋና ጽሕፈት ቤት ይገኛል። ፓርቲው ለፓርላማ የሚያቀርባቸውን ዕጩዎች የሚለየው አስቀድሞ በአባላቱ መካከል በሚደረግ የውስጥ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2025 በተደረገውም ምርጫ አባላቱ ድምፃቸውን የሰጡት ከደገፉት ዕጩ ጀርባ በመሰለፍ ነበር። ሰልፍ ይቆጠራል (ቆጠራውም ቢሆን ማጨቃጨቁ አልቀረም)። በቅስቀሳው ወቅት ዕጩዎች የተናገሩትን ቃል ሳያዛንፉ ለአንባቢ ማድረስ ግን ከዚህ የከበደ ሥራ ነው።

አንደኛው ምክንያት ቋንቋ ነው። ዕጩው እንደየአገሩ በሉጋንዳ፣ በሩንያንኮሌ ወይም በአቾሊ ይናገራል፤ ኒው ቪዥንና ዴይሊ ሞኒተር የተባሉት ጋዜጦች ደግሞ የሚታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሰፍሮ የምናነበው ከዕጩው አፍ የወጣው ሳይሆን ዘጋቢው የተረጎመው ነው። በአገሩ ሰው ዘንድ ቀልድ የነበረው በትርጉም ዛቻ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ግን ምልክቱን አይቶ ቃል በቃል የተባለ ይመስለዋል።

ትርጉም በሌለበትም ቢሆን ጣጣው አይቀርም። ፕሬዚዳንት ዮዌሪ ሙሴቬኒ እ.ኤ.አ. በ1986 ሥልጣን በያዙ ጊዜ፣ የአፍሪቃ ችግር ከሥልጣን አልወርድ የሚሉ መሪዎች ናቸው ማለታቸው በብዛት ይጠቀሳል። በየምርጫው ዕጩ ሆነው በቀረቡ ቁጥር ተቃዋሚዎቻቸው ይህንኑ ያነሱባቸዋል። እርሳቸው በበኩላቸው፣ ያልኩት ሳይመረጡ ሥልጣን ላይ ስለሚቆዩ መሪዎች ነው ሲሉ አስረድተዋል። «ሳይመረጡ» የምትለው አንዲት ቃል መኖርና አለመኖር የአንድን ሰው የአርባ ዓመት አቋም ትገለብጣለች። ሙሉው ንግግር ፊቱ ያልቀረበለት አንባቢ ይህን ክርክር ሊዳኝ አይችልም።

ሙሉው ንግግር ተቀድቶ ሲገኝስ? ለዚህ ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ እኛን የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን በተለይ የሚመለከት ታሪክ አለና። ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ለዲሞክራቲክ ፓርቲ ዕጩነት በሚወዳደሩበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1999፣ በኒው ሃምፕሸር በሚገኘው የኮንኮርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ንግግር አደረጉ። በቴነሲ ክፍለ ግዛት ቱን ከምትባል ቦታ አንዲት ልጅ ስለ መርዛማ ቆሻሻ የጻፈችላቸውን ደብዳቤ አነሡ። ከዚያ ተነሥተው ሌሎች ተመሳሳይ ቦታዎችን ሲፈልጉ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ላቭ ካናል የተባለውን ሰፈር እንዳገኙ ከተናገሩ በኋላ፣ ስለ ቱን ሲያወሱ «ሁሉንም የጀመረው ያ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ዋሽንግተን ፖስትና ኒው ዮርክ ታይምስ «ሁሉንም የጀመርኩት እኔ ነኝ» አሉ ብለው አወጡ፤ ያውም ከላቭ ካናል ጋር አያይዘው። በእንግሊዝኛው የተለወጠችው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ሆኖም ለአንዲት ልጅ ደብዳቤ የተሰጠው ምስጋና የፖለቲከኛ ጉራ ሆነና በቴሌቪዥን ውይይቶች መሳለቂያ ለመሆን በቃ። ተማሪዎቹ ግን በስፍራው ነበሩ፤ ንግግሩም በቪዲዮ ተቀድቶ ነበር። ቴፑን አይተው ጋዜጦቹ ስሕተታቸውን እንዲያርሙ ጠየቁ። ፖስት በዲሴምበር 7፣ ታይምስ በዲሴምበር 10 ማረሚያ አወጡ። ወሬው አገር ካዳረሰ በኋላ የምትወጣ ማረሚያ ስንቱ ዘንድ እንደምትደርስ ለመገመት አያዳግትም።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ። እንግሊዝኛ የሰውን ንግግር በተዘዋዋሪ ሲያቀርብ «እኔ» የነበረውን ወደ «እርሱ» ይለውጣል። አማርኛ ግን «አልወዳደርም አለ» ብሎ የተናጋሪውን መደብ እንዳለ ስለሚይዝ፣ ቃል በቃል የተጠቀሰውና ዘጋቢው በራሱ አነጋገር ያሳጠረው ሲሰሙት አንድ ይሆናሉ። በዚያ ላይ የአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ፣ «ካል…» የሚለው ሁኔታ ከፊት ይውላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ዕጩ «ክርክሩ በሬዲዮ ካልተላለፈ አልወዳደርም» ቢል፣ ከፊቱ ቆርጦ «አልወዳደርም አሉ» የሚል ርእስ ማውጣት ቀላል ነው። አንድም ቃል አልተጨመረበትም፤ ሰውየው ግን ከውድድር ወጣ።

ይህን በክፍል ውስጥ ማሳየት ከባድ አይደለም። አንድ አጭር ንግግር በቴፕ ወይም በስልክ ቀድታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አሰሙ። ተማሪዎቹ ተናጋሪው ያለውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፉ፤ ከዚያም ደብተራቸውን ተለዋውጠው፣ ቅጂው እንደገና እየተሰማ፣ እርስ በርስ ይተራረሙ። መምህሩም አብሮ ቢጽፍና ደብተሩን ለአንድ ተማሪ ቢሰጥ መልካም ነው።