አስታማሚዎቹንስ ማን አሰበ?

ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት ከሄደው ፖስታ ቤት እስከ ፋሲል ግቢ አጥር ድረስ፣ ጧሪ ያጣ አረጋዊ ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። አንዳንዶቹ የከተማው ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ ለሕክምና መጥተው የሚወስዳቸው በማጣት የቀሩ፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራና መተማ የወረዱባቸው፣ ጦርነትም ከቀዬአቸው ያፈናቀላቸው ናቸው። ስለ እነሱ ሲወራ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ስንት አልጋ እንዳለ ነው። በዚያ አልጋ ላይ የተኛውን ማን እንደሚያነሣ፣ ማን እንደሚያገላብጥ፣ ያ ሰው ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በአገራችን ትልቁ የዚህ ሥራ ምሳሌ መቄዶንያ ነው። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቤተሰቡ ቤት የጀመረው ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ያኖራል፤ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት። በ2017 ዓ.ም. የቴሌቪዥን አቅራቢው ሰይፉ ፋንታሁን በቀጥታ ሥርጭት ለማዕከሉ ሕንፃ ማስጨረሻ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ከሊስትሮ እስከ ባለሀብት ሁሉም እጁን ዘርግቷል። ድርጅቱ የሚታወቅበት «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃል ለሰጪው እውነት ነው። ከመንገድ ተነሥተው ሲያገግሙ መልሰው ሌላውን የሚያስታምሙ ነዋሪዎችም ይህንኑ በተግባር አሳይተዋል።

ለአስታማሚዋ ግን ሰው መሆን ብቻ አይበቃም። ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለትን ሰው ከአልጋ የምታነሣ ሴት አነሣሡን ካልተማረች ወገቧ ይጎዳል። ራሱን መገልበጥ የማይችል በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ቆዳው ይጎዳል፤ ከዚያ የሚመጣው የአልጋ ቁስል እስከ አጥንት ይዘልቃል፣ ይገድላልም። አንዲት ሴት ሌሊቱን ለሠላሳና ለአርባ ሰው ብቻዋን ከተመደበች ይህን ማድረግ አትችልም፤ ልቧ የቱንም ያህል ቢራራ ጊዜው አይበቃትም። ጓንት ሲያልቅ በባዶ እጇ ዳይፐር ትቀይራለች፤ እከክም ወደ ቤቷ ይከተላታል። ስለዚህ የእሷ ድካምና የአዛውንቱ ቁስል አንድ ጉዳይ ነው፤ ለየብቻ ሊታዩ አይችሉም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ይሁን እንጂ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት ላይ አዋጁ እንዳይሠራ በደንብ ሊወስን እንደሚችልም አብሮ ጽፏል። በተጨማሪም «በጎ ፈቃደኛ» የተባለ ሰው ሰዓቱን የሚቆጥርለት የለም። በጎ ፈቃድ ክቡር ነገር ነው፤ በሳምንት ግማሽ ቀን ለሚያገለግል ተማሪ ይሁን። ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን የምትሠራን ሴት በዚሁ ስም መጥራት ግን በደል ነው።

«ለደመወዝ ከሆነ አልሰጥም» የሚል ለጋሽ አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ይህ ግን ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ለማይገናኝ ወጪ ነው። አረጋውያንን ለማስታመም በቆመ ድርጅት የአስታማሚ ደመወዝ ዋናው ሥራ እንጂ ትርፍ ወጪ አይደለም። ለሕንፃ የሰጠ እጅ እሷን መንሣት የለበትም።

ሥልጠናም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እዚያ በ1987 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት ረዳት ነርስ ቢያንስ 75 ሰዓት መሠልጠን አለባት። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለምትሄደውም አዋጅ 923/2008 የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ደንግጓል። የባዕድ አገር አዛውንት የሠለጠነ እጅ ሲገባው የራሳችን ለምን ያንሰዋል?

ጎንደር ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲዋ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተግባሩ ለገጠሩ ሕዝብ ጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። ዛሬ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮም በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል። በሽተኛን ማንሣት፣ ማገላበጥና ማስቀመጥ የዚሁ ትምህርት ሀሁ ስለሆነ፣ መምህራኑና ተማሪዎቹ በከተማዋ ላሉ አስታማሚዎች አጭር ሥልጠና ቢሰጡ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል፤ ጓንት፣ የሌሊት ተረኛና የወር ደመወዝ ከአቅም በላይ አይደሉም። አንባቢም በሚቀጥለው ጊዜ ለመጦሪያ ቤት በግና ዱቄት ይዘው ሲሄዱ፣ ሌሊቱን ስንት አስታማሚ እንደሚያድርና ደመወዛቸው በወቅቱ ይከፈል እንደሆነ ይጠይቁ። ከጎደለም ስጦታዎን ለዚያ ያድርጉት።