የማታውን ቤት ማን ያንሣው?

ከሥራ ወጥተው መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ሳለ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቤት ሲደርሱ መሽቷል። ልጆችዎን የሚያቅፉት፣ ራት የሚያቀርቡት፣ ደብተራቸውን የሚያዩት በዚህ ሰዓት ነው። የቤተሰብዎን አልበም ቢገልጡ ግን ይህ ሰዓት የለም፤ ያለው የልደት፣ የሠርግና የምርቃት ቀን ነው። «ማታ ፎቶ አይወጣም» እየተባለ የቀረ ነው። ይወጣል፤ የሚጠይቀውም ውድ ካሜራ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ካሜራ ብርሃን ይሰበስባል። በቀን መዝጊያው ለሰከንድ መቶኛ ያህል ቢከፈት ይበቃዋል። በማታ ግን ብርሃኑ ጥቂት ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት መሆን አለበት፤ በዚህ መካከል እጅ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለሆነም የመጀመሪያው ትምህርት ካሜራውን ወይም የእጅ ስልኩን በእጅ አለመያዝ ነው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ከሌለዎት መስኮት ላይ አስቀምጠው በምስር ከረጢት ያስደግፉት። ጣትዎ እንዳያነቃንቀውም 10 ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ እንዲያነሣ ያድርጉት።

ሁለተኛው ሰዓት መምረጥ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ከመስኮትዎ እንጦጦ የሚታይ ከሆነ የተራራው ቅርጽና የቤቶቹ መብራት አብረው የሚወጡት ያን ጊዜ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቶሎ ይጨልማልና አስቀድመው ይዘጋጁ። መዝጊያው 8 ሰከንድ ቢከፈት የመኪኖቹ መብራት እንደ ክር ይዘረጋል። ለልምምድ ግን ካሜራ ይዘው ብቻዎን በጨለማ አይውጡ፤ የራስዎ መስኮት ይበቃል።

ሦስተኛው ፍላሹን ማጥፋት ነው። ፍላሽ የልጅን ፊት አንጥቶ የቤቱን ድምቀት ያጠፋል። ይልቅስ ልጁን ወደ አምፖሉ ያስጠጉት። ልጅ ለብዙ ሰከንድ ስለማይረጋ አይኤስኦ የተባለውን የብርሃን መቀበያ መጠን ወደ 1600 ከፍ ያድርጉ። ምስሉ ጥቂት ነጠብጣብ ቢታይበትም ከደበዘዘ ፊት ይሻላል።

ይህ የወንድ ሙያ ነው የሚልዎት ቢኖር፣ በ2003 ዓ.ም. በከተማችን አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ በዓል የመሠረተችው ሴት ፎቶግራፍ አንሺ፣ አይዳ ሙሉነህ፣ መሆኗን ይንገሩት።

በመጨረሻም አንድ ነገር አይርሱ። ዘወትር የሚያነሡት እርስዎ ከሆኑ ከፎቶግራፉ ውስጥ አይገኙም። ካሜራው 10 ሰከንድ ሲቆጥር ፈጠን ብለው ከልጆችዎ መካከል ይቀመጡ። ሲያድጉ አልበሙን ገልጠው «እናታችን ማታ ማታ እንዲህ ነበረች» ይበሉ።