የሚያደነዝዘው መርፌና የእናቶች ዐይን

ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ ያለችው ላንቴ በሙዝ እርሻዋ የታወቀች ናት። በዚያም ሆነ በሌላው የጋሞ ምድር ትራኮማ የጎዳት እናት የዐይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ሲፍቃት በወረንጦ ትነቅለዋለች። የተነቀለው ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ ብሌኑም እየቆሰለ ብርሃኑን ያጣል። የሽፋኑን ጠርዝ ወደ ውጭ የሚመልሰው አጭር ቀዶ ሕክምና በጤና ጣቢያ ይሠራል። እናቲቱን ከዚህ ከሚያስቀሯት ምክንያቶች አንዱ ምላጩን መፍራቷ ነውና ስለ ማደንዘዣው ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 የቪየናው ዶክተር ካርል ኮለር ኮኬይን የተንጠባጠበበት ዐይን ሲነካ እንደማይሰማው አስተዋሉ። ኮኬይን ግን መርዝነት ነበረው፤ ከሞከሩት ሐኪሞችም አንዳንዶቹ በሱሱ ተያዙ። በ1943 ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን ሊዶካይንን አዘጋጁ፤ ይህ ሱስ አያሲዝም፣ ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት እርሱ ነው።

ሊዶካይን የሕመሙ ወሬ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል እንዳይደርስ መንገዱን ይዘጋል። ታካሚዋ አታንቀላፋም፤ ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ በዚያው ቀንም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። መርፌው ሲገባ ማቃጠሉን አንክድም። ከደነዘዘም በኋላ የእጅ መነካካትና የመጎተት ስሜት ሊኖር ይችላል፤ ይህ ሊያስደነግጣት አይገባም።

አደጋው በመጠኑ ላይ ነው። ኤድሬናሊን ያልተቀላቀለበት ሊዶካይን በተለመደው መመሪያ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ4.5 ሚሊ ግራም አያልፍም። 2 በመቶ የሆነው በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ይይዛልና 45 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ወሰኑ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ለዐይን ሽፋን የሚበቃው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን መድኀኒቱ በስሕተት ወደ ደም ሥር ከገባ ጥቂቱም ይጎዳል፤ ባለሙያው ከመውጋቱ በፊት መርፌውን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ደም አለመምጣቱን የሚመለከተውም ስለዚህ ነው። ከንፈር መደንዘዝ፣ ጆሮ መጮኽ፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም መሰማት የመርዙ ምልክቶች ናቸው፤ ቸል ከተባሉ መንቀጥቀጥና የልብ መዛባት ሊከተል ይችላል።

የአገራችን እናቶች ሕመምን ዋጥ አድርጎ መቻልን እንደ ጨዋነት ይቈጥሩታል። በዚህ አልጋ ላይ ግን ዝምታ ይጎዳል። የልብ ሕመም ካለባት፣ ቀድሞ መርፌ ተወግታ ታማ እንደ ሆነ፣ የምትወስደውም መድኀኒት ካለ አስቀድማ ትንገር፤ ምልክቶቹም ሲሰሟት ወዲያው ትናገር።

ድንዛዜው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቃል፤ ያን ጊዜ ሕመሙ ሊመለስ ስለሚችል የታዘዘላትን ማስታገሻ ትውሰድ። እስኪለቃት ድረስ ግን ሽፋኑ ስለማይሰማት ሳታውቀው እንዳታሸው አብሯት የመጣው ልጅ ይጠብቃት።