ድመትና ውሻ የማይዘንብበት እንግሊዝኛ

የእንግሊዝኛ ፈሊጥ የተማረ ሰው «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን አይስታትም። ቃል በቃል «ድመትና ውሻ ዘነበ» ነው፤ ዶፍ ወረደ ለማለት። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ አብሮት የሚነገረው ታሪክ ግን ተረት ነው።

ተረቱ እንዲህ ይላል፦ በድሮ ጊዜ እንግሊዝ አገር ውሻና ድመት የሣር ክዳን ውስጥ ይተኙ ነበር፤ ሲዘንብ እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ። የሣር ጎጆ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ መጠርጠር አለበት። በደንብ የተከደነ ሣር ውሃውን ቁልቁል ይሰደዋል እንጂ ለውሻ መኝታ አይሆንም። ታሪኩ በሰፊው የተዛመተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሰው ለሰው ሲቀባበለው በነበረ ኢሜይል ነው። አነጋገሩ ግን እጅግ ይቀድመዋል፤ ደራሲው ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ይገኛል። ለምን ድመትና ውሻ እንደተባለ በማስረጃ ያሳየ የለም።

«ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» («በደወል ተረፈ»)ም እንዲሁ ነው። ሳይሞት የተቀበረ ሰው ከመቃብር ውስጥ ደወል ስቦ ተረፈ ይባላል። የአነጋገሩ መነሻ ግን የቦክስ ሜዳ ነው፤ ሊዘረር የደረሰ ቦክሰኛ የዙሩ ማብቂያ ደወል ደርሶለት ይተርፋል።

ፈሊጥ ማብዛት እንግሊዝኛን ያሳምራል የሚለውም እምነት አያስኬድም። ዶፍ ሲወርድ የለንደን ሰው ባብዛኛው «ኢትስ ፖሪንግ» ብሎ ያልፋል። በአንጻሩ «አንደር ዘ ዌዘር» በየቀኑ ይሰማል፤ ቃሉ የአየር ጠባይ ቢመስልም «ትንሽ አሞኛል» ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ኪክ ዘ በኬት» ነው። «ባልዲውን ረገጠ» ማለት «ሞተ» ማለት ነው ብለን እንማራለን፤ እዚያው ላይ እናቆማለን። ፍራንሲስ ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1785 ያስገባው ግን በተራው ሰው የመንገድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው፤ ዛሬም ቦታው ጨዋታና ቀልድ እንጂ ሐዘን ቤት አይደለም። በአማርኛ «ሞቱ»፣ «ዐረፉ» እና «ክልትው አሉ» የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። አባታቸው ላረፉባቸው ሰው ግን «አባትዎ ክልትው አሉ ሲሉ ሰማሁ» የሚል የለም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚሠራ አንድ ሐበሻ አባቷ ለሞተባት የሥራ ባልደረባው፣ ከልቡ አዝኖ፣ በትምህርት ቤት የሸመደደውን «ኪክ ዘ በኬት» ቢል ለጆሮዋ የሚደርሰው ይኸው ነው። ሐዘኑ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ቃሉ ያቆስላታል።

እንዲህ ላለው ቀን እንግሊዝኛ የራሱ «ዐረፉ» አለው፤ «ፓስድ አዌይ» ይባላል። ለማጽናናት ደግሞ «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» በቂ ነው።