ከንቱ ውዳሴና የጂዛን ነጋዴ

የዚህ ቻናል ተከታታዮች፣ «ስለ ንግድ ይህን ያህል እየጻፍህ ፊትህን በቲክቶክ የማታሳየን፣ ያፈራኸውንም የማትነግረን ስለ ምንድን ነው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ፣ መልሱም በአንድ መስመር የሚያልቅ ባለመሆኑ፣ ዛሬ ዓርብ ከሥራ ያረፍሁበት ቀን ነውና ረጋ ብዬ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ማንንም ለመውቀስ እንዳልተነሣሁ አስቀድሞ ይታወቅልኝ። ከወሎ፣ ከራያ ወይም ከጅማ ተነሥቶ፣ ባሕሩን በጀልባ፣ የየመንን ምድር በእግሩና በደላላ እጅ አቋርጦ፣ በድንበሩ ተራራ ላይ ሞትን በዓይኑ አይቶ በሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን፣ ሰምጣ ወይም አቡ ዐሪሽ የደረሰ ወጣት፣ በአገር ቤት ያሉት ዘመዶቹ «ልጃችን ሆነለት» ብለው እንዲያወሩለት ቢመኝ፣ ምኞቱ ከሰው ባሕርይ የወጣ አይደለም። ሆኖም አበው ከንቱ ውዳሴ ብለው የሚጠሩት ፈተና በገዳም ሳይወሰን ወደ ገበያም እንደሚወርድ፣ መነኵሴውን በጸሎቱ ነጋዴውን በመነሻ ገንዘቡ እንደሚፈትነው፣ እዚህ ተቀምጬ አይቻለሁ።

ለታይታ የሚወጣው ገንዘብ በመጀመሪያ ጥቂት ይመስላል፤ አንድ የአንገት ወርቅ፣ አንድ አዲስ ስልክ፣ በከፊሉ (ዋስ በሆነው በሳዑዲው አሠሪ) መኪና መሪ ላይ ተቀምጦ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ነገር ግን ቪዲዮው በሐይቅ ወይም በከሚሴ በታየ ማግሥት የሰርጉ፣ የተዝካሩና የአጎት ልጅ የመንገድ ወጪ ጥያቄ ይከተላል፤ ደላላውም ያንኑ ቪዲዮ ለሌላው ልጅ እያሳየ መንገዱን ይሸጥበታል። ጭብጨባውን የተቀበለው ሰው ለወፍጮ መግዣ ያጠራቀመውን ሪያል በሐዋላ ሲበትን ይከርማል። ቁጥሩ ራሱ ደግሞ ያታልላል፤ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በዶላር 3.75 ላይ ሲቆም፣ የእኛ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 በላይ ስለ ሆነ፣ ያን ሰሞን አንዲት ቀን ተጨማሪ ሳይሠሩ ሚሊየነር የተባሉ ብዙዎች ነበሩ፤ የወፍጮው ዋጋ ግን አብሮ ወጥቶ ጠበቃቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ግድ ይሆናል። «ድምፅህን አጥፍተህ ሥራ» ስል አንዳንዶች «ሱቁን በከፊሉ ስም አስመዝግበህ ተደብቀህ ሥራ» ማለቴ ይመስላቸዋል። ዐረቦቹ ተሰቱር የሚሉት ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5,000,000 ሪያል መቀጮ የሚያስከትል ሲሆን፣ የውጭ አገር ሰው በላዩ ከአገር ይባረራል፤ ከፊሉም አንድ ቀን ተነሥቶ «ሱቁ የእኔ ነው» ቢል የሚሟገቱበት ሰነድ የለም። ታይታን የናቀ ሰው ስሙ በአደባባይ ባይጠራም በመዝገብ ይገኛል፤ በሰው ስም የሚነግደው ግን በአደባባይ «ባለሱቁ» እየተባለ በመዝገብ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ልዩ የመኖሪያ ፈቃድ በራስ ስም ለመነገድ በር ቢከፍትም፣ በየዓመቱ የሚታደሰው 100,000 ሪያል የሚያስከፍል ስለ ሆነ እንደ እኔ ላለው ሠራተኛ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ የረጅም ዘመን ሐሳብ ያለው ሰው የንግድ ፈቃዱን በአገር ቤት፣ በገዛ ስሙ ያወጣል፤ ለዚህም 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅዳ በሚገኘው ቆንስላችን ውክልና ማረጋገጡ አድካሚ ቢሆንም፣ ድካሙ ፍሬ አለው። በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በተጀመረው የውጭ ሠራተኞች አፈሳ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር የያዙት አልነበረም።

ስም ከሥራ በኋላ እንደሚመጣ ምሳሌ እንዲሆነን ከዚሁ አካባቢ አንድ ነጋዴ ላንሣ። አንቶናን ቤስ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1899 ተቀጣሪ ሆኖ ዓደን ከገባ በኋላ በቆዳ፣ በቡናና በዕጣን ንግድ ግማሽ ምዕት ዓመት ሲደክም ኖሮ፣ በአዲስ አበባም ቅርንጫፍ ከፍቶ፣ ራሱ ዩኒቨርሲቲ ሳይማር እ.ኤ.አ. በ1948 ለኦክስፎርድ 1,500,000 ፓውንድ ሰጠ። በዚህ ገንዘብ የተመሠረተው ኮሌጅ የተሰየመው በቅዱስ እንጦንስ ስም ሲሆን፣ የግብጹ ይሁን የጣልያኑ ለብዙ ጊዜ ሳይለይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ለግብጹ፣ ማለትም ለእኛው ለመነኮሳት አባት ለአባ እንጦንስ ተወሰነ። ቤስ ትሑት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ኩሩና ጨካኝ ነጋዴ ነበር የሚሉት አሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ስሙ ኦክስፎርድ የገባው ንግዱ ሃምሳ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ መሆኑ ነው።

ይህንኑ ትዕግሥት በቅርባችንም እናገኘዋለን፤ ከጂዛን ከተማ ወደ ፈይፋና ወደ ዳይር ተራሮች የወጣ ሰው፣ በእርከኑ ላይ የኸውላኒ ቡና ተተክሎ ያያል። ከቡና አገር ለመጣን ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ተክሉ ሦስትና አራት ዓመት ያለ ፍሬ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለእንግዳ የሚያሳዩት ነገር የለም፤ ኵትኳቶው ግን አይቋረጥም። የእነዚህ ተራሮች ገበሬዎች ከአባት ከአያት ጀምሮ ሲያለሙት የኖሩት የዚህ ቡና አያያዝ በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው ገና እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ከዚያ በፊትም ቡናው ይሸጥ ነበር።

የእኔም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር በኮምቦልቻ የበርበሬና የቅመማ ቅመም ማዘጋጃ ለማቋቋም እቁብ እየጣልን ነው፤ ከመካከላችን በአገር ቤት የተቀመጠው ደረሰኙን በየወሩ ይልክልናል፣ እኛም እናመሳክራለን። ሥራው ሲጀመር በዚህ ቻናል የምታገኙት የበርበሬውን ዋጋና የማከፋፈያውን አድራሻ ይሆናል። ፎቶግራፌን እናቴ ስለ ጠየቀችኝ ለእርሷ ልኬላታለሁ።