በዶሃ ያለ ፈቃድህ ቤትህ ማን ይገባል? ተረትና እውነታ

በዶሃ ሀበሾች ዘንድ «ሹርጣ (ፖሊስ) የፈለገውን ቤት ከፍቶ ይገባል፤ የውጭ ሰው ምን መብት አለው?» ሲባል ይሰማል። ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኳታር ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 የማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤት ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ እንዳይደፈር ይከለክላል። አንቀጽ 52 ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሁሉ ለአካሉና ለንብረቱ ጥበቃ እንዳለው ይደነግጋል።

«መንግሥት ቦታ ከፈለገ ዝም ብሎ ይወስዳል» የሚባለውስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ለሕዝብ ጥቅም ካልሆነና ተገቢ ካሳ ካልተከፈለ በቀር የማንም ንብረት እንዳይወሰድ ያዛል። ይህ ግን የሚያድነው ባለንብረቱን ነው፤ አልጋ ተከራይቶ የሚያድረውን አይደለም። በጥቅምት 2022 የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩ፣ ዶሃ ውስጥ ከደርዘን በላይ ሕንፃዎች እንዲለቀቁ ተደርጓል። ሮይተርስ እንደዘገበው አል መንሱራ በሚባለው ሰፈር 1,200 ያህል ሰው የሚኖርበት አንድ ሕንፃ ነዋሪዎች ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲወጡ ተነገራቸው፤ ከዚያ በሩ ተቆለፈ። ዕቃቸውን ሳያወጡ የቀሩም ነበሩ። ባለሥልጣናቱ ማስጠንቀቂያ በአግባቡ ይሰጣል፣ ነገሩም ከዓለም ዋንጫው ጋር አይገናኝም ብለዋል።

ከሁሉ የሚጎዳው ተረት ግን «የሥራ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየኛል» የሚለው ነው። የ2004ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ያለ ስምምነት እንዳይሠሩና በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፉ ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪ ቤት ለቤት ገብቶ የሚያይበትን ሥርዓት ግን አላቆመም። የማዳምን (የአሠሪዋን) ቤት ከመንግሥት የሚጠብቀው ክብር፣ ቤቱ ውስጥ የምትሠራውን ልጅ ከዓይን ይሰውራታል። ይህ በደል ነው፤ መታረም አለበት።

«ያለ ማዳም ፈቃድ ከአገር አትወጪም» የሚለውም ጊዜው አልፎበታል። ከጥር 2020 ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ከ72 ሰዓት በፊት ለአሠሪዋ አሳውቃ መውጣት ትችላለች። ያለ ጽሑፍ ጥያቄዋ ፓስፖርቷን መያዝም በ2015ቱ ሕግ ቁጥር 21 እስከ 25,000 ሪያል ያስቀጣል።

እንግዲህ እህቴ፣ ማንም በር ከፍቶ እስኪያይሽ አትጠብቂ። የሠራሽበትን ሰዓትና የተከፈለሽን በየወሩ ጽፈሽ ያዢ፤ ፓስፖርትሽን ጠይቂ፤ ከተመታሽ ወይም ከተቆለፈብሽ 999 ደውዪ።