ከአደራ ቤተሰብ ወደ ዘላቂ ቤተሰብ፦ የሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ ምንነትና የአገልግሎቱ ሂደት

ወላጆቹን በሞት ያጣ፣ ተጥሎ የተገኘ ወይም በተለያየ ምክንያት ከወላጆቹ ጋር መኖር ያልቻለ ሕፃን በቅድሚያ የሚያስፈልገው መጠለያ፣ ምግብና ሕክምና ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶለት እንኳ አንድ ጥያቄ ሳይመለስለት ሊቀር ይችላል፤ እርሱም «የማን ልጅ ነኝ?» የሚለው ነው። ጉዲፈቻ ለዚህ ጥያቄ ሕጋዊና ዘላቂ መልስ የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ይህ ጽሑፍ በአደራ ቤተሰብ ወይም በማሳደጊያ ተቋም የሚገኙ ሕፃናት በሀገር ውስጥ ጉዲፈቻ ቤተሰብ የሚያገኙበትን መንገድ፣ ከአመልካቾች የሚጠበቀውን ግዴታና ለሕፃኑ የተሰጠውን የሕግ ጥበቃ ያብራራል።

የሕግ መሠረቱ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል። ይኸው አንቀጽ መንግሥት ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግና በጉዲፈቻ የሚያድጉበትን ሁኔታ የሚያመቻቹ ተቋማት እንዲመሠረቱ እንዲያበረታታ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ከቤተሰቡ የተለየ ሕፃን የመንግሥት ልዩ ጥበቃና ድጋፍ እንደሚገባው ያረጋግጣል።

የጉዲፈቻ ዝርዝር ድንጋጌዎች በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ሕግ በፌዴራል መንግሥት ሥር ባሉት በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተሞች ተፈጻሚ ሲሆን፣ የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡ ክልሎች በየራሳቸው ሕግ ይሠራሉ። በመሆኑም ከእነዚህ ከተሞች ውጭ የሚኖር አመልካች የክልሉን ሕግ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ለውጭ ሀገር ዜጎች ጉዲፈቻ የሚፈቅዱት ድንጋጌዎች በ2010 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ተሽረዋል። ከዚያ ወዲህ ዘላቂ ቤተሰብ የሚጠብቁ ሕፃናት ተስፋ በሀገር ውስጥ በሚገኙ ቤተሰቦች ላይ የተመሠረተ ሆኗል።

ጉዲፈቻ ለኢትዮጵያ ማኅበረሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ሕዝብ ባህል የተወረሰ ነው። በሌሎችም አካባቢዎች አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ቀብቶ ለልጁ በማጥባት የሚፈጸም «የጡት ልጅ» ወይም «የማር ልጅ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ሕጉ ይህን ነባር እሴት በፍርድ ቤት ውሳኔ አጽንቶ ለልጁ የማይናወጥ መብት አድርጎለታል።

አደራና ጉዲፈቻ የሚለያዩበት ነጥብ

በ2001 ዓ.ም የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ አምስት ዓይነት እንክብካቤዎችን ይዘረዝራል። እነርሱም ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤ፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማዋሐድ፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ጉዲፈቻና ተቋማዊ እንክብካቤ ናቸው። ተቋማዊ እንክብካቤ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ስለዚህ ስለ ጉዲፈቻ ከመታሰቡ በፊት ሕፃኑ ወደ ወላጆቹ ወይም ወደ ቅርብ ዘመዶቹ የሚመለስበት መንገድ መኖር አለመኖሩ በሚገባ ይጣራል። ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጅ ለመለየት በቂ ምክንያት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድጋፉ ወደ ቤተሰቡ መሄድ ይኖርበታል።

የአደራ ቤተሰብ ሕፃኑን ለተወሰነ ጊዜ በቤቱ ተቀብሎ ይንከባከባል። ይሁን እንጂ በአደራ ቤተሰቡና በሕፃኑ መካከል የወላጅነትና የልጅነት የሕግ ትስስር አይፈጠርም፤ ሕፃኑም ከአደራ ቤተሰቡ የመውረስ መብት አያገኝም። በጉዲፈቻ ግን ልጁ ለማናቸውም ጉዳይ የአሳዳጊው ልጅ ሆኖ ይቆጠራል። በውርስም ከአብራክ ልጆች ጋር እኩል ይታያል። ልጁ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደያዘ ይቆያል፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ አስፈላጊ በሚሆንበት ጊዜ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ ይቀድማል።

ይህ ልዩነት በየቤቱ ለሚገኙ ብዙ ሕፃናት ትልቅ ትርጉም አለው። የሟች እኅቱን ወይም የጎረቤቱን ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደ ልጁ ያሳደገ ሰው ጥቂት አይደለም። ሆኖም ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር አሳዳጊው በድንገት ቢሞት ልጁ ባደገበት ቤት መብት ሊጠይቅበት የሚችል ማስረጃ አይኖረውም። ዕድሜ ልኩን «አባቴ» ሲለው የኖረው ሰው በሞተ ማግስት ከቤቱ የሚወጣ ልጅ የሚደርስበት ጉዳት በፍቅር ጉድለት የመጣ ሳይሆን በወረቀት ጉድለት የመጣ ነው። ስለሆነም በዘመድ ወይም በአደራ ቤት የሚያድጉ ሕፃናትም በሕግ የጸና ቤተሰብ ሊያገኙ ይገባል።

ጉዲፈቻ ማድረግ የሚችለው ማን ነው?

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜ ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም። ጉዲፈቻውን የሚያደርጉት ባልና ሚስት ከሆኑ ግን ከሁለቱ አንዱ 25 ዓመት የሞላው መሆኑ ይበቃል። ያገባ ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር በጋራ ካልሆነ በቀር ብቻውን ጉዲፈቻ ማድረግ አይችልም። የትዳር ጓደኛውን ልጅ በጉዲፈቻ ሲቀበል ወይም የትዳር ጓደኛው ፈቃዱን ለመግለጽ በማይችልበት ሁኔታ ላይ ሲገኝ ብቻ ይህ ግዴታ ይነሣል።

ትዳር የሌለው ሰውም ጉዲፈቻ ማድረግ ይችላል። አመልካቹ የራሱ ልጆች ያሉት መሆኑም እንቅፋት አይሆንበትም፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ የእነዚህ ልጆች መኖር በሁሉም ልጆች ደኅንነት ላይ የሚኖረውን ውጤት ያመዛዝናል። ሀብታም መሆን መስፈርት አይደለም። የሚታየው አመልካቹ ልጁን ለመመገብ፣ ለማስተማርና ለማሳከም የሚያስችል አቅምና የረጋ ኑሮ ያለው መሆኑ ነው።

በጉዲፈቻ የሚሰጠው ልጅ ከ18 ዓመት በታች የሆነና በሞግዚት አስተዳደር ሥር ያለ መሆን አለበት። ወላጆቹ በሕይወት ያሉና የሚታወቁ ከሆነ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል።

አገልግሎቱ ደረጃ በደረጃ

1. ማመልከት። አመልካቾች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ቢችልም በአብዛኛው የሚጠየቁት የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገቡ መሆንን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃ ናቸው።

2. የቤተሰብ ጥናት። የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ወደ አመልካቾች ቤት በመሄድ የኑሯቸውን ሁኔታ ይመለከታል፤ አብረዋቸው የሚኖሩትንም ያነጋግራል። ጥናቱ የሚካሄደው ጓዳ ለመፈተሽ አይደለም። ልጁ የሚገባበትን ቤት አስቀድሞ ለማወቅና አመልካቾቹም ውሳኔያቸውን በረጋ መንፈስ እንዲመረምሩት ለመርዳት ነው።

3. ማገናኘት። ከሕፃኑ ዕድሜ፣ ጤናና ፍላጎት ጋር የሚስማማው ቤተሰብ ይመረጣል። እዚህ ላይ የሚቀድመው ጥያቄ «ለዚህ ሕፃን የሚስማማው ቤተሰብ የትኛው ነው?» የሚለው እንጂ «ለዚህ ቤተሰብ የሚስማማው ሕፃን የትኛው ነው?» የሚለው አይደለም። ሕፃኑ በማሳደጊያ ተቋም የሚገኝ ከሆነ ተቋሙ የሕፃኑን ማንነትና እንዴት እንደተረከበው፣ እንዲሁም የአሳዳጊውን የግል፣ የማኅበራዊና የኢኮኖሚ ሁኔታ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

4. የጉዲፈቻ ስምምነት። ስምምነቱ በጉዲፈቻ አድራጊውና በሕፃኑ አሳዳሪ መካከል ይፈረማል።

5. የፍርድ ቤት ውሳኔ። ስምምነቱ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ በቀር ምንም ዓይነት ሕጋዊ ውጤት አይኖረውም። ፍርድ ቤቱ የልጁን አስተያየት ያዳምጣል፤ የአሳዳጊውን ልጅ የማሳደግ ችሎታም ይመረምራል። ከሁሉም በላይ ጉዲፈቻው ለልጁ የሚበጅ መሆኑን ያረጋግጣል።

6. ምዝገባ። ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ከሚመዘገቡት ወሳኝ ኩነቶች አንዱ ነው። አሳዳጊዎች የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዘው በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በማስመዝገብ የምስክር ወረቀት ሊወስዱ ይገባል። ይህ ሰነድ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለጉዞም ሆነ ለውርስ ጉዳይ ያገለግላል።

ቤተሰብ ፈጥኖ የማይገኝላቸው ሕፃናት

አመልካቾች በአብዛኛው ገና ያልተራመዱና ጤነኛ የሆኑ ጨቅላ ሕፃናትን ይጠይቃሉ። ፍላጎቱ የሚገባ ቢሆንም ውጤቱ ሊታሰብበት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ልጆች፣ አካል ጉዳት ወይም የማያቋርጥ ሕክምና የሚጠይቅ ሕመም ያለባቸው ሕፃናት፣ እንዲሁም ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ለረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ። የሰባት ዓመት ልጅ ሌሎች ሕፃናት ቤተሰብ አግኝተው ሲሄዱ እያየ የሚቀረው ለምን እርሱ እንዳልተመረጠ ሊያስረዳው የሚችል ሳይኖር ነው።

በአዲስ አበባ ለበርካታ ዓመታት ሕፃናት በክበበ ፀሐይ፣ ከፍ ያሉ ሴቶች በቀጨኔ፣ ከፍ ያሉ ወንዶች ደግሞ በኮልፌ ማሳደጊያ ሲያድጉ ቆይተዋል። እንዲህ ያለው አደረጃጀት ለአገልግሎት አሰጣጥ ቢያመችም ወንድምና እኅት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድጉ ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱን በአንድነት የሚቀበል ቤተሰብ ግን ለእነዚህ ልጆች የቀረላቸውን ብቸኛ ዘመድ ያቆይላቸዋል።

ከፍ ያለ ልጅን የሚቀበሉ ቤተሰቦች ልጁ ትዝታ፣ ልማድና አንዳንድ ጊዜም ጥርጣሬ ይዞ እንደሚመጣ ማወቅ አለባቸው። ምግብ መደበቅ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ያለ ምክንያት መቆጣት በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊታይ ይችላል። ይህ የአመል ብልሹነት ምልክት ሳይሆን ልጁ «ይህም ቤት ይቀየር ይሆን?» ብሎ የሚሰጋበት መንገድ ነው። ትዕግሥትና በየቀኑ የማይለዋወጥ ሥርዓት ሥጋቱን ቀስ በቀስ ያቀልለታል። አስፈላጊ ሲሆንም ባለሙያን ማማከር ይቻላል።

ከአደራ ቤት ወደ ጉዲፈቻ ቤት የሚደረግ ሽግግር

ሕፃኑ በአደራ ቤተሰብ የሚኖር ከሆነ ይኸው ቤተሰብ በጉዲፈቻ ሊያሳድገው ቢፈልግና መስፈርቱን ቢያሟላ ከለመደው ቤት ሳይወጣ ዘላቂ ቤተሰብ ያገኛል። በዚህ ጊዜም ጥናቱ፣ ስምምነቱና የፍርድ ቤት ውሳኔው አይቀሩም።

ሌላ ቤተሰብ የሚቀበለው ከሆነ ግን ሽግግሩ በአንድ ቀን ሊፈጸም አይገባም። አዲሶቹ አሳዳጊዎች ልጁን በአደራ ቤቱ እየሄዱ መጠየቅ፣ ቀጥሎም ለጥቂት ሰዓታት ወደ ቤታቸው መውሰድ ይኖርባቸዋል። የሚወደውን ምግብ፣ የሚተኛበትን ሰዓትና የሚያስፈራውን ነገር ከአደራ እናቱ ወይም አባቱ መጠየቅ ይበጃል። የለመደውን ብርድ ልብስ ወይም መጫወቻ ይዞ መሄዱም ቀላል ነገር አይደለም። የአደራ ቤተሰቡ በግልጽ ተሰናብቶና መርቆ ሲሸኘው ልጁ እንዳልተጣለ ይረዳል። በሥውር የተወሰደ ልጅ ግን ሁለተኛ ጊዜ እንደተተወ ሊቆጥረው ይችላል።

ለልጁ እውነቱን ስለመንገር

አንዳንድ አሳዳጊዎች ልጁ በጉዲፈቻ የተገኘ መሆኑን ከእርሱም ከጎረቤትም ሠውረው ለማሳደግ ይሞክራሉ። የሚያነሣሣቸው ፍቅር ቢሆንም ምሥጢሩ በጠብ ቀን ከሌላ ሰው አፍ ሊወጣ ይችላል። እውነቱን በጉርምስና ዕድሜው ከባዳ የሰማ ልጅ የሚጠራጠረው ትውልዱን ብቻ ሳይሆን አሳዳጊዎቹ የነገሩትን ሁሉ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከትንሽነቱ ጀምሮ ለዕድሜው በሚመጥን ቃል፣ የትውልድ ወላጆቹን ሳይነቅፉ መንገር ይመከራል። ከትውልድ ቤተሰቡ ወይም ከአደራ ቤቱ የተገኙ ፎቶግራፎችና ሰነዶች ካሉ ተጠብቀው ሊቆዩለት ይገባል።

ጥበቃና ተጠያቂነት

በፍርድ ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ በመርሕ ደረጃ አይፈርስም። አሳዳጊው ቢቆጣ፣ ልጁ ቢያስቸግር ወይም በኋላ የአብራክ ልጅ ቢወለድ ልጅነቱ አይሻርም። ሆኖም አሳዳጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ ወይም ለባርነት በቀረበ ሁኔታ ከያዘው፣ ለራሱ ጥቅም ሲል ከመልካም ጠባይ ውጭ በሆነ ተግባር ካሠማራው፣ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ በማናቸውም ሁኔታ ከያዘው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ሊሽረው ይችላል። ልጁ ራሱ፣ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት አካል ወይም ሌላ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ልጅን ለቤት ሠራተኛነት አስቦ በጉዲፈቻ ስም መውሰድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሕፃን በገንዘብ አይሰጥም፤ አይወሰድምም። ሕፃን አገኛለሁ ወይም ጉዳዩን አፋጥናለሁ በማለት ክፍያ የሚጠይቅ ደላላ ወይም ግለሰብ ሲያጋጥም ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ተጥሎ የተገኘን ሕፃንም በበጎ ልቡና ቢሆን እንኳ ወደ ቤት ወስዶ ዝም ማለት አይገባም። ወዲያውኑ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ካልሆነ ልጁን የሚፈልጉ ወላጆች ወይም ዘመዶች ቢኖሩ እንኳ ሊያገኙት አይችሉም።

ጉዲፈቻ ለማድረግ ያልወሰኑ፣ ነገር ግን ሕፃናትን ለመርዳት የሚፈልጉ ዜጎች በአደራ ቤተሰብነት ወይም በማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤ መሳተፍ ይችላሉ። ስለ ሁሉም አማራጮች ተጨማሪ ማብራሪያ በየወረዳውና በየክፍለ ከተማው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች ይሰጣል።